የወንድ ፍየል የሽንት ጠጠር፦ ከጥር እስከ ፋሲካ የተያዘ የስራ ማስታወሻ

ጥር፣ መጀመሪያ አካባቢ

በረቱ ዘንዘልማ በኩል ነው፣ ስራው ለፋሲካ የሚደርሱ ወንድ ፍየሎች መቀለብ። ገሚሶቹ ከባህር ዳር ቅዳሜ ገበያ የተገዙ ናቸው ገሚሶቹ ከሃሙሲት የመጡ፣ አንዳንዱ ወጠጤ ሌላው የተኮላሸ። ቀለቡ እዚህ ከተማ ፍየል የሚቀልብ ሰው ሁሉ የሚሰጠው አይነት ነው፣ ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ ፉርሽካ ከኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው ኑግ) ጋር፣ መሀል ላይ ድርቆሽ ካለ ድርቆሽ ከሌለ የዳጉሳ ገለባ ወይ የጤፍ ጭድ። ፉርሽካ ከዱቄት ፋብሪካ በኩንታል ስለሚገኝ ይቀላል፣ ድርቆሽ ግን በጋው እየገፋ ሲሄድ ይወደዳል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው እየቆየ ድርቆሹን ይቀንስና ፉርሽካውን ይጨምራል።

ማስታወሻ መያዝ የፈለግኩት በዚህ ምክንያት ነው። ወንድ ፍየል ሽንት ከለከለው ተብሎ የሚሞተው ወይ በጥድፊያ የሚታረደው ስጋ ሞልቶ ሊሸጥ ሲል ነው፣ ወጪው ሁሉ ከወጣ በኋላ። ሰው እንደ ድንገተኛ ነገር ያየዋል። ድንገተኛ ግን አይደለም፣ ጠጠሩ ገንዳው ላይ በሚፈሰው መኖ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ የሚሰራ ነው፣ የሚታየን የመጨረሻው ቀን ብቻ ነው።

ለምን ወንዱን ብቻ ለሚል፦ ሴቷም ውስጥ ጠጠር ይሰራል፣ የሷ የሽንት ቧንቧ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ግን ወጥቶ ይሄዳል። የወንዱ ረጅምና ቀጭን ነው፣ መሀል ላይ ሁለቴ ይታጠፋል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ትል የመሰለች ቀጭን ጅራት አለችው። ጠጠሩ አብዛኛውን ጊዜ ወይ እዛች ጅራት ውስጥ ወይ እጥፋቱ ላይ ይቀረቀራል። በልጅነቱ የተኮላሸ ከሆነ ይብሳል፣ ቧንቧው የሚሰፋው በወንዴ ሆርሞን ስለሆነ ሆርሞኑ ቀድሞ ከተቋረጠ ቧንቧው እንደ ጠበበ ይቀራል።

ጥር መጨረሻ፣ ቡላው

ቡላው ከሃሙሲት የመጣ ነው፣ ቀንዱ ቀጭን አንገቱም ሴት ፍየል የሚመስል፣ ገና ግልገል እያለ የተኮላሸ መሆኑ ያስታውቃል። ጠዋት ፉርሽካ ሲቀርብ ሌሎቹ ሲሻሙ እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ቀረ። የፊት እግሩን ወደፊት የኋላውን ወደኋላ ዘርግቶ ጀርባውን ለጥጦ ያምጣል፣ ጭራው ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ያቃስታል፣ ዞር ብሎ ሆዱን ያያል፣ ጥርሱን ያፋጫል።

ጎረቤታችን እትዬ መጥተው አዩትና "ልጄ ሆዱ ደርቆ ነው፣ ዘይት አጠጣው" አሉኝ። ብዙ ፍየል የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ምጡ በትክክል የሆድ ድርቀት ይመስላል፣ ዘይት ተጠጥቶ ውጤቱ ሲጠበቅ ቀኑ ይመሻል። ሁለቱን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም። ቡላውን ለብቻው ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አቆምኩት፣ ካርቶን ዘርግቼበት። በጠጥ ጣለ፣ ደረቅ ቢሆንም ጣለ፣ ካርቶኑ ላይ ግን ጠብታ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ደም የቀላቀለ። ብልቱ ጫፍ ያለውን ፀጉር በጣቴ ስዳብሰው አሸዋ የያዘ ነው የሚመስለው፣ ነጫጭ ፍሬ ፀጉሩ ላይ ተጣብቋል። ከፊንጢጣው በታች ጣት ሲደረግ ደግሞ ቧንቧው ከውስጥ ይመታል፣ ሽንቱ ሊወጣ እየገፋ ነው ማለት ነው። እነዚህ ሶስቱ ካሉ ዘይት ምናምን የለም፣ ሐኪም መጥራት ነው።

ሐኪም እስኪመጣ የማይደረገው ነገር ከሚደረገው ይበልጣል። ውሃ በግድ አይጠጣም፣ መውጫ በሌለው ፊኛ ላይ መጨመር ነው። እንደ ላሲክስ ያለ ሽንት የሚያበዛ መድሃኒት በጭራሽ አይሰጥም። ፉርሽካው ወዲያው ይነሳል። ፊኛውን ሆዱ ላይ ተጭኖ ለማፍሰስ መሞከርም ሊያፈነዳው ይችላል።

ዶክተሯ ከሰአት በፊት ደረሰች። የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነበር፦ "ጋሼ፣ መርፌ ከመውጋቴ በፊት ይወስኑ፣ አንዴ አንቲባዮቲክና የህመም መድሃኒት ከገባበት ስጋው ወዲያው አይበላም።" ከዚህ ወር ሁሉ ትልቁ ትምህርት ለኔ ይሄ ነው። ቀላቢ ሰው መጀመሪያ ያለውን መድሃኒት ሁሉ ይወጋል፣ አልሰራ ሲል ነው ወደ ቢላ የሚሄደው፣ ያኔ ደግሞ መታረዱ ለበላተኛው ጉዳት ነው፣ በየጠርሙሱ ላይ ስጋው የማይበላበት የቀን ብዛት ተጽፏል። ስለዚህ ጥያቄው የሚጠየቀው መጀመሪያ ነው፦ ፊኛው ፈንድቷል ወይስ አልፈነዳም፣ ከተዘጋ ስንት ሰአት ሆነው፣ ፍየሉ ገበያ ላይ ምን ያህል ያወጣል። ማታ ሲበላ ስላየሁት ከአንድ ቀን በታች ነው፣ ሆዱ ስር እብጠት የለም። እንሞክር ተባባልን።

ፍየሉን በቂጡ አስቀምጬ ጀርባውን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። ዶክተሯ ማደንዘዣ ስትመርጥ ዛይላዚን የሚባለውን ተወችው፣ ሽንት ስለሚያበዛ። ከባዱ ስራ ብልቱን ከሽፋኑ ማውጣት ነበር፣ በልጅነቱ የተኮላሸ ፍየል ብልቱ ከሽፋኑ ጋር እንደተጣበቀ ሊቀር ይችላል፣ ቀስ እያለች አላቀቀችው። ሲወጣ ያቺ ትል የመሰለች ጅራት ጠቁራ አብጣ ነበር። በንፁህ መቀስ ከስሯ ቆረጠቻት። መጀመሪያ ምንም። ከዛ የደም ጠብታ፣ ከዛ እንደ እርሳስ ሊድ የቀጠነች ነገር ወጣች፣ ከዛ ሽንቱ ቀጭን ሆኖ መፍሰስ ጀመረ፣ ቆይቶ ወፍራም ሆነ። እኔም እግሬም ሱሪዬም ረጠበ፣ እንደዛን ቀን ደስ ያለኝ የለም።

የተቆረጠችውን ወረቀት ላይ አድርጌ በምስማር ሰነጠቅኳት። ውስጧ ግራጫ ነጭ ልቁጥ ነው፣ በሁለት ጣት ሲታሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቆረቁራል። ደርቆ ዱቄት ሲሆን ሎሚ ጠብ አደረግኩበት። አልፈላም። ይሄ ቀላል ፈተና ነው ግን ብዙ ይናገራል፣ ካልሲየም ካርቦኔት ቢሆን ሎሚ ሲነካው አረፋ ያወጣ ነበር፣ ደግሞ የሱ ጠጠር ብዙ ጊዜ ወርቃማ ክብ ፍሬ ነው የሚሆነው። አሸዋ የመሰለና ሎሚ የማያፈላው ከሆነ ከፎስፌት የተሰራው ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል፣ ስትሩቫይት የሚሉት፣ ማግኒዚየምና አሞኒየም ከፎስፌት ጋር ተጣብቀው የሚሰሩት። ፉርሽካና እህል በሚበላ ፍየል ላይ የሚጠበቀውም እሱ ነው።

ጅራቷ መቆረጧ ፍየሉን ምንም አይጎዳውም፣ ለዘር የተያዘ አውራ ቢሆን እንኳ ሴቷን ከማጥቃት አያግደውም። ግን መዳን ማለት አይደለም። ፊኛው ውስጥ የቀረ አሸዋ ካለ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል፣ ብዙውም ይዘጋል። ስለዚህ ቡላው የህመም ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ወስዶ ለብቻው ታሰረ፣ ከድርቆሽና ውሃ በስተቀር ምንም የለም።

ወጪ፦ የሐኪም፣ የመድሃኒትና የባጃጅ ሲደመር ከቡላው ይገኛል ብዬ ያሰብኩትን ትርፍ በልቶታል። ለአንድ ፍየል።

የካቲት መጀመሪያ፣ አሞኒየም ክሎራይድ

አሞኒየም ክሎራይድ ሽንቱን ለማኮምጠጥ የሚሰጥ ዱቄት ነው፣ በኬሚስትሪው አሲድ ለማድረግ። የፍየል ሽንት በተፈጥሮው አልካላይን ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ሲወርድ አሲድ ይሆናል) ወደ 8 ይጠጋል፣ ስትሩቫይት ደግሞ የሚወደው እሱን ነው። ፒኤቹ ከ6.5 በታች ሲወርድ አዲስ አይሰራም የነበረው ደቃቅም ይሟሟል።

መጠኑ በኪሎ ክብደት 200 ሚሊግራም በቀን ነው፣ 25 ኪሎ ፍየል ከሆነ 5 ግራም፣ 30 ኪሎ ከሆነ 6 ግራም። በማንኪያ መገመት አይመከርም፣ ትንሿን ዲጂታል ሚዛን ተጠቀሙ። ያገኘሁት የላብራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጥ ቤት ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ስሙ ስለሚመሳሰል ማዳበሪያ የሚሰጥ ሰው አለ፣ ዩሪያም አሞኒየም ናይትሬትም አይደለም፣ እነሱ ፍየል ይገድላሉ።

ጣዕሙ መራራ ጨዋማ ነው፣ ፍየል ደግሞ አፉን ያውቃል። በድርቆሽ ላይ ቢረጭ አሸተተና ተወው። በውሃ ሟሙቶ በሲሪንጅ ከአፉ ጎን ገብቶ ሲሰጥ ይተፋል ደግሞም ትን እንዳይለው ያሰጋል። የሰራው፦ ዱቄቱን በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙቶ ስኳር ጨምሮ አንድ እፍኝ በቆሎ ስባሪ በዛ ማሸት፣ ሌላ ምግብ ሳይቀርብለት በባዶ ሆዱ ጠዋት። የአገዳ ሞላሰስ ያለው ሰው ከስኳሩ ይሻለዋል።

ፒኤች ለመለካት የሰው ፋርማሲ የሚሸጠው የሽንት ስትሪፕ (ሽንት ሲነካው ቀለም የሚቀይር መመርመሪያ) ይሰራል፣ ደምም ያሳያል። ሽንት መያዣ ከተቆረጠ ሃይላንድ ጠርሙስና ከዱላ ሰራሁ። ፍየል ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው መሽናት ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ በሩ ላይ መጠበቅና ሲነሳ ማስገባት ብቻ ነው። ቡላው ላይ መጀመሪያ ስትሪፑ 8ን ነበር የሚያሳየው፣ ሳምንት ሳይሞላው ወደ 6 ወረደ።

ይሄን መድሃኒት ዝም ብሎ ወር ሙሉ መስጠት ጥሩ አይደለም። ሰውነቱ አሲዱን ለማብረድ ከአጥንቱ ካልሲየም ይስባል፣ ቆይቶም ይለምደውና ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። እየሰጡ እያቋረጡ፣ በስትሪፕ እያዩ ነው። እና ደግሞ የካልሲየም ጠጠር ላይ ይሄን ያህል አይሰራም። ማለቴ ማከሚያ ነው፣ የመኖ ምትክ አይደለም።

የካቲት አጋማሽ፣ ገንዳውን ማስተካከል

ዋናው ስራ ይሄ ነው። ቀለቡን ከካልሲየምና ከፎስፈረስ አንፃር አሰላሁት። ፍየል ከፎስፈረሱ ሁለት እጥፍ ካልሲየም ማግኘት አለበት፣ 2 ለ 1። የስንዴ ፉርሽካ ፎስፈረሱ 1.1 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ካልሲየሙ ግን 0.13 ገደማ። ማለትም ፎስፈረሱ ስምንት እጥፍ ይበልጣል፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በቆሎም ካልሲየም የለውም ለማለት ይቻላል፣ ኑግ ፋጉሎም ፎስፈረሱ ያመዝናል። በቀን 400 ግራም ፉርሽካ 100 ግራም ፋጉሎና 400 ግራም ድርቆሽ የሚበላ ፍየል ሲሰላ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ብዙ ሰው አያነሳውም። ፍየል ስለሚያመነዥክ ትርፍ ፎስፈረሱን በምራቁ ወደ ሆዱ መልሶ በበጠጥ ነው የሚያስወጣው። ምራቅ የሚመጣው ደግሞ ከማኘክ ነው፣ ማኘክ ከድርቆሽና ከቅጠል። ፉርሽካ ርሶ ሲቀርብ ሁለቴ ዋጥ ያደርገዋል አለቀ፣ ምራቁ ይቀንሳል፣ ፎስፈረሱ በበጠጥ መሄዱ ቀርቶ በሽንት ይሄዳል። ስለዚህ ድርቆሽ ቀንሶ ፉርሽካ መጨመር ከሁለት በኩል ነው የሚጎዳው።

አዲሱ ቀለብ ለ25 ኪሎ ፍየል በቀን፦ ፉርሽካ 150 ግራም፣ በቆሎ ስባሪ 100፣ ኑግ ፋጉሎ 100፣ ድርቆሽ 400፣ የደረቀ የሳስባንያና የሉሲንያ ቅጠል 150፣ ላይምስቶን 9 ግራም፣ ጨው 10 ግራም። ሲደመር ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ሁለት እጥፍ አካባቢ ይመጣል። ቅጠሉ ራሱ ካልሲየም አለው ፕሮቲንም አለው፣ አጥር ላይ የበቀለ ስለሆነ ወጪው ማጨድና ጥላ ላይ ማድረቅ ነው። ግን ቅጠል ጥሩ ነው ተብሎ ቀለቡን በሙሉ ወደ ቅጠል ማዞር ደግሞ ሌላኛውን ጠጠር፣ የካልሲየሙን ይጠራል፣ ሉሲንያም ሲበዛ የራሱ መርዝ አለው። አልፋልፋም ሲበዛ ያንኑ የካልሲየም ጠጠር ይጠራል።

ላይምስቶን የምንለው የዶሮ መኖ የሚሸጡ ጋር የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። የግድግዳ ኖራ አይደለም! እሱ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ሳቁ ላይ ሁልጊዜ አልተፃፈም፣ ስለዚህ ስትገዙ ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ። ጠብ ስታደርጉበት ፍል ፍል ብሎ አረፋ ካወጣ ላይምስቶን ነው። ዝም ካለ ወይ ጂፕሰም ነው ወይ ሌላ ነገር፣ ተዉት። በውሃ በጥብጦ እጅ ላይ የሚያቃጥል ከሆነማ ጭራሽ ወደ በረት አይግባ። አንድ ቦታ የቀረበልኝ ዱቄት ሎሚውን ዝም ብሎ ጠጣው፣ ትቼው ወጣሁ። ላይምስቶን ያጣ ሰው የእንቁላል ቅርፊት አጥቦ ምጣድ ላይ አመስ አድርጎ ወቅጦ መስጠት ይችላል፣ ቅርፊቱ አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ዱቄቱ ችግሩ ገንዳው ስር ይወርዳል፣ ፍየል ከላይ ፉርሽካውን ይልስና ዱቄቱን ይተወዋል። ፉርሽካውን በትንሽ ውሃ አርጠብ አድርጎ ላይምስቶኑንና ጨውን በደንብ ካሹት ይጣበቃል። በደረቁ መቀላቀል አልሰራም።

ሁለቴ ይሰጥ የነበረውን ወደ አራት ትናንሽ ከፈልኩት፣ ድርቆሹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አለ። ፍየል አንዴ ብዙ ደረቅ ምግብ ሲበላ ውሃው ሁሉ ወደ ጨጓራው ስለሚሳብ ለተወሰነ ሰአት ሽንቱ ይቀንሳል ይወፍራል፣ ጠጠር የሚሰራው በዛ ሰአት ነው። ስራ ይጨምራል፣ አውቃለሁ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሶስተኛውን ይሰጣሉ።

ወጪ፦ ለሁሉም ፍየሎች እስከ ፋሲካ የሚበቃው ላይምስቶን ዋጋው ከአንድ የሐኪም ጉብኝት ያንሳል። ይሄን መስመር ደግማችሁ አንብቡት።

የካቲት መጨረሻ፣ ውሃ

ጣና ዳር ተቀምጦ ስለ ውሃ መጨነቅ ያስገርማል፣ ግን የኛ ቧንቧ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ሲዘል ሮቶው ባዶ ይሆናል፣ ያኔ መጀመሪያ የሚቀነስበት ፍየሉ ነው። ደግሞ ፍየል እንደ በሬ ያገኘውን አይጠጣም፣ ገንዳው ውስጥ አንድ በጠጥ ካለ አሽትቶ ይመለሳል፣ ተጠማ ብሎ ራሱን አያስገድድም። መሬት ላይ የነበረውን ገንዳ አነሳሁና ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ ደረታቸው ትክክል ሰቀልኩት፣ ከሱ በታች አንድ ረድፍ ብሎኬት፣ የፊት እግራቸውን ሰቅለው ይጠጣሉ ቂጣቸው ግን ወደ ውሃው አይደርስም። የሚጠጡት ወዲያው ጨመረ፣ በተለይ ጠዋት ላይ ብርዱ ሳይለቅ ለብ ያለ ውሃ ሲቀርብ።

ጨውን በተመለከተ፦ ጨው የምንሰጠው እንዲጠማቸውና ሽንታቸው እንዲቀጥን ነው። ስለዚህ ከምግቡ ጋር ነው የሚሰጠው፣ ውሃው ውስጥ አይገባም፣ ውሃው ጨው ጨው ካለ ጭራሽ ይቀንሳሉ። ቀስ ብሎ ነው የሚጨመረው፣ ከፉርሽካ፣ ከበቆሎና ከፋጉሎው ድብልቅ 1 ፐርሰንት ጀምሮ እስከ 3። እና ውሃ በሌለበት ቀን ጨው የለም፣ ጨው በልቶ ውሃ ያጣ ፍየል ይመረዛል። ለፈረቃው ብዬ ተጨማሪ በርሜል ገዛሁ፣ ከዚህ ሁሉ ትልቁ የዕቃ ወጪ እሱ ነው፣ አልቆጨኝም።

መጋቢት፣ ሁዳዴ ውስጥ፣ ጥቁሩ

ቀለቡ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ፍየል፣ ጥቁሩ፣ ሽንቱ ተዘጋ። ይሄን መፃፍ ያስፈልጋል ምክንያቱም ሰው ላይምስቶን ሰጥቼ ነበር አልሰራም ይላል። ጠጠሩ ቀድሞ የተሰራ ነው፣ ሲገዛም ፉርሽካ ላይ የነበረ ፍየል ነው፣ አዲሱ ቀለብ ወደፊት እንዳይሰራ ያደርጋል እንጂ ትልቅ የሆነውን አያሟሟም።

ጠዋት ያው ምልክት። ዶክተሯ ጅራቷን ቆረጠች፣ ምንም ጠብ አላለም። በቀጭን ቱቦ ስትሞክር እጥፋቱ ጋ ቆመ። "ጋሼ ይሄኛው ላይ ነው ያለው" አለች። አማራጩን ነገረችኝ፣ ሆዱ ተከፍቶ ፊኛው ላይ ቱቦ ገብቶ ሽንቱ በዛ እየወጣ ቧንቧው እስኪከፈት መጠበቅ፣ ያም ቀዶ ህክምና የሚሰራበት ክሊኒክ ማድረስ ይፈልጋል። ለዘር የተያዘ ጥሩ አውራ ቢሆን አደርገዋለሁ። ለፋሲካ የሚሸጥ ፍየል ግን ዋጋውን አይሸከምም፣ ስቃዩም ይረዝማል። ከታችኛው ቧንቧ ቀዶ መውጫ መስራትም አለ፣ እሱ ጠቦ ተመልሶ ይዘጋል።

ምንም መድሃኒት አልተወጋም ነበር፣ ፊኛውም አልፈነዳም። እረድ ብንል ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ ቤታችን ስጋ አይገባም፣ አብዛኛው ጎረቤትም እንደዛው። ሙስሊም ጎረቤቴን ጠራሁት፣ ያለውን ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት፣ ዶክተሯም እዛው ስለነበረች ጠየቃት። "ወንድሜ ሽንቱ ወደ ስጋው ካልገባ ምን ችግር አለው" አለ፣ ራሱ አረደው፣ ዋጋው ከገበያው ግማሽ ገደማ ነው፣ ተስማማን። ዶክተሯ ስጋውንና ኩላሊቱን አየች፣ የሽንት ሽታ የለውም፣ ይበላል አለች።

ፊኛውን ለኔ ሰጠኝ። እንደ ልጆች ኳስ ተወጥሯል፣ ግድግዳው ከውጭ ደም የቋጠረ ወይን ጠጅ ነው። ባልዲ ላይ ስወጋው ሽንቱ ከወጣ በኋላ ስሩ ላይ የቀረው አሸዋ በሻይ ማንኪያ የሚዛቅ ነበር፣ መሀሉ ላይ ምስር የሚያክሉ ሁለት ፍሬ። ቧንቧውን እየቀደድኩ ስሄድ እጥፋቱ ላይ አንዷ ምስር ተወትፋ አገኘኋት። ሎሚ አላፈላትም። ይሄን ለሚመጣ ሰው ሁሉ ነው የማሳየው፣ በብልቃጥ አስቀምጬዋለሁ፣ አንድ ማንኪያ አሸዋ ከፉርሽካ እንደሚሰራ ሰው በአይኑ ሲያይ ሌላ ክርክር የለም።

አንድ ቀን ቢቆይ ምን ይሆን ነበር ለሚል፦ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰአት ባለው ውስጥ ወይ ቧንቧው ይፈነዳል ወይ ፊኛው። ቧንቧው ከሆነ ሽንቱ ቆዳ ስር ይገባና ሆዱ ስር ከብልቱ ዙሪያ ያብጣል፣ በኋላ ቆዳው ይሞታል። ፊኛው ከሆነ ህመሙ በድንገት ይቀላል፣ ፍየሉ ይረጋጋል፣ ባለቤቱ ዳነ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ሆዱ ግን ከሁለቱም ጎን እየሰፋ ይሄዳል ከዛ ይደክማል ይሞታል። ያ ስጋ ሽንት ይሸታል፣ ለማንም አይሆንም። ስለዚህ ከምጥ በኋላ በድንገት ዝም ያለ ፍየል ስታዩ አትደሰቱ፣ ሆዱን እዩ።

ሁዳዴን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። 55 ቀን ማለት ነው፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ቀላቢ ለፋሲካ ዋጋ ብሎ ፍየሉን ይይዛል፣ ሙቀቱ ደግሞ የሚጠናው በዚሁ ጊዜ ነው፣ ድርቆሽ የሚያልቀውም ያኔ ነው፣ ፉርሽካው የሚጨመረውም ያኔ። ሁሉም አንድ ላይ ይገጥማሉ። ጠንቀቅ ማለት ያለብን ከመጋቢት ጀምሮ ነው።

መጋቢት መጨረሻ፣ የጠዋት ዙር

አሁን የያዝኩት ስርዓት፦ ጠዋት ከመመገባቸው በፊት እያንዳንዱ ሲነሳ መሽናቱን ማየት፣ ሽንቱ በአንድ ጅረት ነው ወይስ እየተቆራረጠ። የብልቱን ፀጉር መዳበስ፣ ከደረቀ ነጭ አሸዋ ካለ ያ ፍየል ለብቻው ይወጣና ፉርሽካው ይቀነሳል፣ አሞኒየም ክሎራይድ ይጀምራል፣ ስትሪፕ ይደረግለታል። ሽንት ከመከልከሉ በፊት ማለት ነው፣ ይሄ ፀጉር ላይ ያለው አሸዋ ቀድሞ ይናገራል። ሁለት ፍየል በዚህ ተይዘው ሳይዘጉ አልፈዋል፣ አንዱ ወጠጤ ነው፣ ያልተኮላሸም ከዚህ ነፃ አይደለም።

ቡላው ተመልሶ አልተዘጋም። ክብደቱ ግን ከሌሎቹ ወደኋላ ቀርቷል።

በነገራችን ላይ አተላ ለሚሰጡ፦ የጠላ አተላ ውሃ ስላለው ይጠቅማል የሚል ሰው አለ። ውሃ አለው፣ ግን የእህል ዝቃጭ ነው፣ ፎስፈረሱ አብሮ አለ። ከሰጣችሁ በፉርሽካው ምትክ እንጂ በላዩ ላይ አይሁን፣ ላይምስቶኑም አይቅር።

ሚያዝያ፣ ከሽያጭ በኋላ

ለፋሲካ የደረሱት ወጡ። ፉርሽካ በብዛት ከሚሰጠው ጎረቤቴ ጋር ሳነፃፅር የኔዎቹ ትንሽ ቀለል ይሉ ነበር፣ ልዩነቱ ግን ገዢ ዋጋ የሚቀንስበት አልሆነም፣ ከሱ በረት ደግሞ በሰሙነ ህማማት አንድ ትልቅ ሙክት በሽንት ሞቶበታል፣ የዛ ፍየል ዋጋ የሁላችንን ልዩነት ይሸፍናል። ከበዓሉ በኋላ ላይምስቶኑን ከየት እንደገዛሁ ጠይቆኝ አብረን ሄድን፣ ሎሚ ይዘን።

ለሚቀጥለው ዙር፣ ለእንቁጣጣሽ፣ አገዛዙን ቀየርኩ። ቀንዱ የቀጠነ አንገቱ ያልወፈረ፣ በልጅነቱ የተኮላሸ ፍየል አልገዛም፣ ዋጋው ቢቀንስም። ወጠጤ ገዝቼ ከጎረመሰ በኋላ ክሊኒክ ወስጄ በቡርዲዞ (ቆዳ ሳይቆርጥ የዘር ገመዱን የሚጨፈልቅ መቆንጠጫ) አስኮላሻለሁ፣ አብዛኛው የገጠር ሰው በልማድ ዘግይቶ ማኮላሸቱ ለዚህ በጣም ይጠቅማል፣ ችግሩ በድንጋይ ቀጥቅጦ ማኮላሸቱ የሚያመጣው ስቃይ ነው። ቢያንስ ከ5 እና 6 ወር በፊት አይነካም። ገበያ ላይ ሻጩን የምጠይቀው፦ መቼ ነው የተኮላሸው፣ ምን ሲበላ ነው የከረመው፣ ከዛ ፀጉሩን እዳብሳለሁ። አንዳንዱ ሻጭ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

ክረምቱ ሳር ስለሚኖር ቀለቡ ይቀላል፣ ፉርሽካውን ወደ 100 ግራም አወርደዋለሁ ላይምስቶኑም አብሮ ይወርዳል፣ ሒሳቡ እንደገና ይሰራል። ሳስባንያውን አሁን ዝናብ ሳይጀምር በአጥሩ ሌላኛው ጎን እየተከልኩ ነው፣ ስትሪፕ አልቋል፣ መግዛት አለብኝ።